የእንሽርት ውሃ ሲያንስ የሚሠሩ ስህተቶች

አዳማ ላይ «የእንሽርት ውሃሽ አንሷል» የተባለች እርጉዝ ከጎረቤት ቀድሞ የምትሰማው «ሙቀቱ ነው፣ ውሃ ጠጪ» የሚል ምክር ነው። ውሃ መጠጣቱስ ጥሩ ነው። ሰውነትሽ ውሃ አጥሮት ከሆነ የእንሽርቱን መጠን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስህተቱ እዚያ ላይ ማቆሙ ነው።

ከ16ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ አብዛኛው የእንሽርት ውሃ የፅንሱ ሽንት ነው። ፅንሱ ይውጠዋል፣ መልሶ ይሸናዋል። ሁለቱም ኩላሊቶች ካልተፈጠሩ፣ ወይም በወንድ ፅንስ የሽንት መውጫው በስስ ሽፋን ከተዘጋ፣ በጀሪካን ብትጠጪም ችግሩ አይፈታም። ውሃው ደግሞ ለሳንባው እድገት ያስፈልጋል። ስለዚህ አልትራሳውንድ ስትነሺ አትፈሪ፣ ጠይቂ፦ ለምን አነሰ? ሁለቱም ኩላሊቶች ታዩ? የሽንት ፊኛው ሞልቶ ይጎድላል ወይስ እንዳበጠ ነው? የእንግዴ ልጁስ ደም በደንብ ያደርሳል?

ሁለተኛው፣ የሚፈሰውን «ሽንት አምልጦኝ ነው» ብሎ ማለፍ። ንጹህ ፓድ አድርጊ። ቶሎ ቶሎ የሚረጥብ ከሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሂጂ። የእንሽርት ከረጢቱ ተቀዶ ከሆነ ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል።

የሚያሳስበኝ የመድኃኒቱ ነገር ነው። ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ መግዛት በጣም ቀላል ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግን እነዚህ የፅንሱን ኩላሊት ሥራ ሊቀንሱ፣ ውሃውንም ሊያሳንሱ ይችላሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 ይህንኑ አስጠንቅቋል። የደም ግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪልም ለፅንስ አደገኛ ነው። እየወሰድሽ ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪምሽን አግኚና በሌላ ይቀየርልሽ። ሐኪም በትንሽ መጠን ያዘዘልሽን አስፕሪን ግን በራስሽ አታቋርጪ።

የውሃውን ልክ ቁጥር ከጓደኛ የአልትራሳውንድ ወረቀት ጋር ማወዳደርም ይቅር። ብዙ ጊዜ አነሰ የሚባለው ማህፀኑ በአራት ተከፍሎ በየቦታው የሚለካው የውሃ ጥልቀት ድምር 5 ሴንቲ ሜትርና በታች፣ ወይም ከሁሉም ጥልቁ ቦታ ብቻውን ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን ነው። ትርጉሙ ግን እንደ እርግዝናው ሳምንት ይለያያል።

ሌላው ስህተት ከወሊድ በኋላ ይመጣል። በእርግዝና ጊዜ «የፅንሱ ኩላሊት ሽንት አጠራቅሞ ትንሽ ሰፍቷል» ተብሎ ነበር። ሕፃኑ ሲወለድ ደህና ይመስላል፤ ጠያቂው ይበዛል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ቀጠሮው ይረሳል። ቀለል ያለ መስፋት ብዙ ጊዜ በራሱ ይስተካከላል፤ ያንን የሚያረጋግጠው ግን የሕፃኑ አልትራሳውንድ ነው። የወንድ ልጅሽን አሸናን አስተውዪ። ሽንቱ ፈንጠር ብሎ ሳይወጣ ጠብ ጠብ ካለ፣ ወይም ትኩሳት ከያዘው፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጂው፤ የእርግዝናውን የአልትራሳውንድ ወረቀትም ያዢ።