ስራ ሳይለቁ ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ ነርስ

ቱሉ ዲምቱ እየኖርኩ፣ ሆስፒታል እየሰራሁ ነው የነርሲንግ ዲግሪዬን በኤክስቴንሽን የጨረስኩት። ለመጀመር ካሰባችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

መጀመሪያ ወረቀት አሟሉ። የደረጃ 4 (የቴክኒክና ሙያ) ሰርተፊኬት ብቻውን አይበቃም፣ ሲኦሲ፣ ማለትም የደረጃውን የሙያ ብቃት ምዘና፣ ማለፋችሁም ይታያል። ትራንስክሪፕቱ ከድሮ ኮሌጃችሁ እስኪላክ ጊዜ ይወስዳል፣ በተለይ ክፍለ ሀገር ከተማራችሁ፣ ስለዚህ ቀድማችሁ አመልክቱ።

ቀጥሎ ኮሌጁ ነርሲንግ ለማስተማር እውቅና እንዳለው አጣሩ። ይሄን አደራ! እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ካምፓስ ነው። ፒያሳ ላለው ካምፓስ ነርሲንግ ተፈቅዶ፣ ያው ኮሌጅ እናንተ ሰፈር ለከፈተው ላይፈቀድ ይችላል። እኔ አንድ ኮሌጅ "በሂደት ላይ ነው" ሲለኝ አምኜ ከፈልኩ፣ የአንድ ሴሚስተር ብሬም ድካሜም ውሃ በላው። ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ጠይቁ።

ከዚያ ሜትሮኗን፣ ማለትም የሆስፒታሉን የነርሶች ኃላፊ፣ አናግሩ። ክላሱ ማታ ቢሆንም የዋርድ ልምምዱ ቀን ሊመደብ ይችላል፣ ያኔ ዱቲ (የስራ ተራ) የሚቀይራችሁ ሰው ከሌለ ወይ ስራው ወይ ትምህርቱ ይቀራል። ፕሮግራማችሁን የወር ዱቲ ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ስጧት። እኔ ለቀየሩኝ ልጆች የበዓል ዱቲ እገባላቸው ነበር፤ የፋሲካን ጾም ሁለት ዓመት ዋርድ ውስጥ ፈትቻለሁ። ግን ተማመንን።

ጥናቱን ታክሲ ሰልፍ ላይ ጀምሩ። ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ደብተር ያዙና በቀን አንድ ሒሳብ ስሩ። ለምሳሌ 1000 ሚሊ ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ በደም ስር ይግባ ተብሎ፣ ሴቱ (የማንጠብጠቢያው ቱቦ) በሚሊ 20 ጠብታ ከሆነ፣ 1000ን በ20 አባዙ፣ ለ480 ደቂቃ አካፍሉ፣ በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ ይመጣል። እኛ በልምድ ዓይተን ነበር የምናስተካክለው። ዲግሪው ላይ ለምን እንደሆነ ትጠየቃላችሁ፣ ለበሽተኛውም የሚሻለው አስልቶ መስጠቱ ነው።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ነው፣ ማለፊያው 50 ከመቶ። ከእሱ በኋላ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና አለ። የመጨረሻ ዓመት እስኪደርስ አትጠብቁ፣ የየሴሚስተሩን ኖት አትጣሉ።

ምዘናውን አልፋችሁ የሙያ ፈቃዱ እጃችሁ ሲገባ የስራ መደባችሁ በራሱ አይቀየርም። ማመልከቻ ጻፉ፣ የፈቃዱን ኮፒ አያይዛችሁ ለሰው ኃይል አስገቡ፣ የተቀበላችሁን ሰው ፈርሞ ቀን የጻፈበትን ቅጂ ቤታችሁ አስቀምጡ።