ኖቬምበር ላይ ሰልፍ ሳያደክማችሁ ድምፅ የምትሰጡት እንዴት ነው?

አሜሪካ ውስጥ የኖቬምበሩ አገር አቀፍ ምርጫ ሁሌም ማክሰኞ ነው፤ ከኖቬምበር የመጀመሪያ ሰኞ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ። ለፕሬዝዳንት ምርጫ ቀኑን የቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1845 የወጣ ሕግ ነው። ያኔ አብዛኛው ሰው ገበሬ ነበር። ዛሬ ግን ማክሰኞ የሥራ ቀን ነው፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ ወይ በማለዳ ወይ ከሥራ መልስ ይመጣና ሰልፉ ሕንፃውን ይዞራል። እኔም አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆሜ፣ ሺፍቴ ደረሰብኝና ድምፅ ሳልሰጥ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞን ጠብቄ አላውቅም።

መፍትሔው ቀድሞ መምረጥ ነው፤ እዚህ ሁላችንም «ኧርሊ ቮቲንግ» የምንለው። በ2024ቱ ምርጫ 47 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ይህን ይፈቅዱ ነበር። የቀሩት አላባማ፣ ሚሲሲፒና ኒው ሃምፕሻየር ናቸው።

1. ምዝገባችሁን አረጋግጡ

ዜግነት ስታገኙ መራጭነት አብሮ አይመጣም፣ መመዝገብ አለባችሁ። ቤት ከቀየራችሁም አድራሻውን አስተካክሉ። «ቮት ዶት ጎቭ» የተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ወደየግዛታችሁ ምርጫ ቢሮ ይመራችኋል። አንዳንድ ግዛቶች ምዝገባ የሚዘጉት ከምርጫው አንድ ወር ገደማ ቀድመው ነው። ሜሪላንድ ግን ቀድማችሁ ልትመርጡ በሄዳችሁበት ጣቢያ እዚያው ትመዘግባለች።

ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ሰው «ምንም አይደለም» ቢላችሁ አትስሙ። ዜጋ ሳይሆኑ በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ወንጀል ነው፣ ከአገር እስከ መባረርም ያደርሳል።

2. ቀኑንና ቦታውን ለዩ

ቀኑ እንደየግዛቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ትጀምርና ከምርጫው በፊት ባለው ቅዳሜ ትጨርሳለች። ሜሪላንድ ያላት ስምንት ቀን ብቻ ነው፣ የሚያልቀውም ሐሙስ ነው። ጆርጂያ ዓርብ ትዘጋለች። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። «ሰኞ እረፍት ነኝ፣ ያኔ እሄዳለሁ» ይልና በሩ ተቆልፎ ያገኘዋል።

ቦታውም የለመዳችሁት የሰፈር ጣቢያ ላይሆን ይችላል። በእነዚህ ሦስት ግዛቶች በካውንቲያችሁ (በግዛቱ ሥር ባለው የአካባቢ አስተዳደር) ውስጥ ካሉት ቀድሞ መምረጫ ጣቢያዎች ወደ የትኛውም መሄድ ትችላላችሁ። ለሥራ ቦታችሁ የሚቀርበውን ምረጡ። ሰፋፊ ካውንቲዎች መጀመሪያ ሰሞን ጥቂት ቦታ ብቻ ከፍተው ሌላውን ቆይተው ስለሚጨምሩ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩት።

3. የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ቤት ሆናችሁ አንብቡ

ለእኔ ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ሰው ፕሬዝዳንት መርጦ የሚወጣ ይመስለዋል። ወረቀቱ ላይ ግን ዳኛ አለ፣ የትምህርት ቤት ቦርድ አለ፣ ካውንቲው ብድር ይውሰድ አይውሰድ የሚል ጥያቄ አለ፣ አንዳንዴም የሕገ መንግሥት ማሻሻያ። ጥያቄዎቹ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪውም ግራ ያጋባሉ። ሁለት ጊዜ ካላነበባችሁ «አዎ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይገባችሁም። ሰልፉ የሚንቀራፈፈውም በከፊል ሰው ይህን ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እዚያው ቆሞ ስለሆነ ነው።

የናሙና ወረቀቱ ከምርጫ ቢሮው ድረ ገጽ ይገኛል። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡና ምርጫችሁን በብጣሽ ወረቀት ጻፉ። ስልክ ላይ አትተማመኑ፤ ለምሳሌ ቴክሳስ ድምፅ በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ስልክ መጠቀም አትፈቅድም።

4. ሰዓት መርጣችሁ ሂዱ

የመጀመሪያው ቀንና የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ይጨናነቃሉ። በመሃል ካሉት የሥራ ቀናት አንዱን፣ ረፋድ ወይም ከምሳ በኋላ ያዙ። አንዳንድ ካውንቲዎች የሰልፉን ሁኔታ በድረ ገጻቸው ያሳያሉ።

መታወቂያ ያዙ። ጆርጂያና ቴክሳስ ፎቶ ያለበት ይጠይቃሉ፤ ሌላም ቦታ ቢሆን መያዙ አይጎዳም። የእጩ ስም ያለበት ቲሸርትና ኮፍያ ግን ቤት ይቅር፣ በብዙ ግዛት ያስመልሳችኋል። ውሃም ከቤት ያዙ። ጆርጂያ በ2021 ባወጣችው ሕግ ጣቢያው አጠገብ ለተሰለፈ መራጭ ውሃና ምግብ ማደል ተከልክሏል።

በፖስታ የሚላክ የድምፅ ወረቀት አዛችሁ ደርሷችሁ ከሆነ እሱንም ይዛችሁ ሂዱና አስረክቡ። አለዚያ ተጣርቶ በኋላ የሚቆጠር ጊዜያዊ ወረቀት ሊሰጧችሁ ይችላሉ።

እናት አባታችሁን ይዛችሁ ከሆነ

ለትልልቅ ሰዎች ቀድሞ መምረጥ እጥፍ ጥቅም አለው፦ ጸጥታ አለ፣ ሠራተኞቹም ጊዜ አላቸው። በ1982 የተሻሻለው የመራጮች መብት ሕግ፣ ማየት የተሳነው፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ የሚረዳውን ሰው ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ካልሆነ በቀር ልጅም ጎረቤትም ይሆናል። ረዳቱን ቅጽ ሊያስፈርሙት ይችላሉ። ዲሲ ውስጥ ደግሞ አማርኛ በ2004 የቋንቋ ሕግ ከታቀፉት ቋንቋዎች አንዱ ነውና አስተርጓሚ ለመጠየቅ አትፈሩ።

አንድ ነገር ብቻ፦ አንብቡላቸው እንጂ አትምረጡላቸው። «እማዬ፣ እዚህ ጋ ነው» ብሎ ጣት መጎተት እርዳታ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ ማክሰኞ ከደረሰባችሁስ? ያን ቀን የምትሄዱት ወደተመደበላችሁ ጣቢያ መሆኑን አረጋግጡ። መዝጊያው ሰዓት ሲደርስ ሰልፍ ውስጥ ከሆናችሁ የመምረጥ መብታችሁ እንዳለ ነው። በሩ ሲዘጋ አይታችሁ ከሰልፉ እንዳትወጡ።