የጥድ ችግኝ ከተከላችሁ አረሙን በደንብ ተከታተሉ

ክረምት ላይ ጥድ ተክሎ ጥር ላይ ሄዶ ሲያየው የደረቀበት ሰው ቶሎ የሚለው "ውሃ አጥቶ ነው" ነው። ልክ ነው፣ ግን ውሃውን ማን ጠጣበት ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሐበሻ ጥድ (የፈረንጅ ጥዱን አይደለም፣ እሱ ቶሎ ስለሚያድግ ብዙ አያስቸግርም) መጀመሪያ ላይ እድገቱ ቀርፋፋ ነው፣ አረሙ ደግሞ የሐምሌን ዝናብ ካገኘ ወዲያው ላዩ ላይ ይወጣበታል። ከላይ ፀሐይ ይከለክለዋል፣ ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ አፈሩ ውስጥ የቀረችውን እርጥበት ሰርዶው ቀድሞ ይጨርሳታል። አረሙን በእጃችሁ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት፣ የታችኛው መርፌ የመሰለ ቅጠል ወደ ቡናማ ከሄደ ታፍኗል ማለት ነው።

ስታርሙ ሜዳውን ሙሉ መመንጠር አያስፈልግም፣ ከችግኙ ዙሪያ በየአቅጣጫው ግማሽ ሜትር ይበቃል። ግንዱ አጠገብ ያለውን በእጅ ንቀሉ፣ ራቅ ያለውን ኮትኩቱ፣ ግን ጥልቅ አትቆፍሩ ሥሩ ይነካል። ማጭድ ይዛችሁ ከገባችሁ መጀመሪያ ችግኙ አጠገብ እንጨት ትከሉ፣ እኔ ሳላደርግ ገብቼ ሦስት ጥድ ከሣሩ ጋር አጭጄ ቤቴ ገብቻለሁ 😅

ሁለቴ ማረም ጥሩ ነው፣ ነሐሴ አጋማሽና መስከረም መጨረሻ። አንዴ ብቻ ከቻላችሁ ግን የመስከረሙን አትዝለሉት ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ነው ደረቁ ወቅት የሚመጣው፣ የደረቀ ሣር ደግሞ እሳት ከተነሳ ችግኙን ይዞት ይሄዳል። ዘር ያልያዘውን አረም እዛው ጎዝጉዙት እርጥበት ይይዛል፣ ግንዱን ግን አይንካው።

ቅንጬ አረም ካለ ሳያብብ ንቀሉት፣ አንዱ ተክል ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል፣ ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው ኬሚካልም ሌላ ተክል እንዳይበቅል ያደርጋል። ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያሳክካል።

የወፍ ቆሎ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አበባው ስለሚያምር ለአጥር ብለን እኛው ነን የተከልነው፣ ፍሬውን ወፍ በልታ ጫካ ውስጥ ትጥለዋለች፣ ስሙም ከዛ ነው መሰለኝ። ከላይ ብትቆርጡት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ስለዚህ አፈሩ እርጥብ እያለ ጉቶውን ከነሥሩ ቆፍራችሁ አውጡት፣ በቀጣዩ ክረምትም ተመልሳችሁ የበቀለ ካለ እዩ።

ይሄን ሁለት ሦስት ክረምት ነው የምታደርጉት፣ ችግኙ ከአረሙ በላይ ከወጣ በኋላ የሚቀራችሁ ከፍየል መጠበቅ ነው።