የባንክ ኤምአይኤስ ዳታ እንዲጠበቅ እንዴት ይደረጋል

ባንክ ውስጥ ኤምአይኤስ (ማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተም) ሲባል አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚመጣለት ጠዋት ጠዋት ለማናጀሮች የሚላከው ሪፖርት ነው፣ ዲፖዚት ስንት ደረሰ፣ ብድር ስንት ተመለሰ ምናምን። ሴኩሪቲ ሲባል ደሞ ፋየርዎል እና አንቲቫይረስ፣ እሱ የአይቲ ሰዎች ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። ግን እኮ ኤምአይኤስ ማለት ከኮር ባንኪንግ (የባንኩ ዋና የሂሳብ ሲስተም)፣ ከካርድ ሲስተም፣ ከሞባይል ባንኪንግ፣ ከብድር ክፍል የሚመጣው ዳታ ሁሉ አንድ ላይ የሚገናኝበት ቦታ ነው። የገባ ሌባ ሁሉንም ባንዴ ያገኘዋል፣ በዛው ልክ ማን ምን እንደነካ ከማንም በተሻለ የሚያሳየውም እሱው ነው። ስለዚ ስራው ሁለት ነው፣ ኤምአይኤሱን ራሱን መጠበቅ እና ኤምአይኤሱን ለጥበቃ መጠቀም። ሁለቱን እየቀላቀልኩ ነው የምጽፈው፣ ስራ ላይም ተቀላቅለው ነው የሚመጡት።

መጀመሪያ ዳታው የት እንዳለ ይታወቅ

ከሁሉም በፊት ዝርዝር ስሩ። የትኛው ዳታ የትኛው ሰርቨር ላይ ነው፣ ከየት ይመጣል፣ የትኛው ሪፖርት የደንበኛ ስም እና አካውንት ቁጥር ይዟል፣ ለማን ለማን ይደርሳል፣ በኢሜይል ነው የሚሄደው ወይስ ሼርድ ፎልደር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ባለቤቱስ ማነው። ባለቤት ስል አይቲን ማለቴ አይደለም፣ የብድር ዳታ ባለቤት የብድር ክፍሉ ሃላፊ ነው፣ ማን ይየው ማን አይየው ብሎ የሚወስነው እሱ ነው፣ አይቲ የተወሰነውን ነው የሚተገብረው። ይሄ ካልተለየ አክሰስ የሚሰጠው ቶሎ ደውሎ ለጨቀጨቀ ሰው ነው። የሚስጥር ደረጃውን ደሞ አታብዙት፣ ለማንም ክፍት፣ የውስጥ፣ ሚስጥር፣ ከፍተኛ ሚስጥር ካላችሁ ይበቃል፣ ሰባት ደረጃ ያለው ፖሊሲ ማንም አያስታውሰውም።

ዝርዝሩ ላይ ሁሌ የሚረሳው ኤክሴል ነው። እስቲ እዩት፣ አንድ የብራንች ማናጀር ክፍያ ያዘገዩ ተበዳሪዎችን ሊደውልላቸው ፈልጎ ሪፖርቱን ያወጣል። እሱ የሚያስፈልገው ስም፣ ስልክ እና ስንት ቀን እንደዘገየ ነው። ሪፖርቱ ግን ድሮ ለዋናው መስሪያ ቤት ተብሎ የተሰራ ስለሆነ የመታወቂያ ቁጥር፣ የሁሉም አካውንት ባላንስ፣ ማስያዣው ምን እንደሆነ፣ አድራሻ፣ ሁሉንም ይዞ ይወጣል። ማናጀሩ ኤክሴል አድርጎ ዳውንሎድ ያደርገዋል፣ ለሁለት ሰራተኛ ፎርዋርድ ያደርጋል፣ አንዷ ቤቷ ልትጨርሰው ወደ ግል ኢሜይሏ ትልከዋለች፣ አንዱ ዴስክቶፑ ላይ "የመጨረሻ 2" ብሎ ያስቀምጠዋል። ማንም ተንኮል አላሰበም። ዳታቤዙ ላይ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ኤንክሪፕሽን (ዳታውን ቁልፍ ለሌለው ሰው እንዳይነበብ አድርጎ መቆለፍ) ግን ለዚች ፋይል ምንም አይፈይድላትም፣ ዳታው ከወጣ ቆየ።

መፍትሄው ሰው መቆጣት አይደለም፣ ሪፖርቱን ማስተካከል ነው። ማየት እና ኤክስፖርት ማድረግ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ይሁኑ፣ አብዛኛው ሰው ስክሪን ላይ ማየት ይበቃዋል። የማያስፈልገው ኮለም ከነጭራሹ ይውጣ፣ መቅረት የማይችለው ደሞ በከፊል ይሸፈን። የካርድ ቁጥርን በተመለከተ ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚባለው የካርድ ኢንዱስትሪው ስታንዳርድ ቁርጥ ያለ ነው፣ ሙሉውን ለማየት የስራ ምክንያት ከሌለው ሰው ቢበዛ ቢን የሚባሉትን የመጀመሪያ አሃዞች እና የመጨረሻዎቹን 4 ብቻ ነው የሚያየው። ኤክስፖርት የተደረገ እያንዳንዱ ፋይል ላይ ደሞ ማን መቼ እንዳወጣው በራሱ በሲስተሙ ይጻፍበት፣ ስሙ ታች ላይ እንዳለ ያየ ሰው ወደ ግል ኢሜይሉ ከመላኩ በፊት ሁለቴ ያስባል።

አክሰስ

አክሰስ ለሰው ሳይሆን ለስራ መደብ ነው የሚሰጠው፣ የቴለር ይሄ ነው፣ የሎን ኦፊሰር ይሄ ነው፣ የኦዲተር ማየት ብቻ ነው፣ በቃ። "ለእሱ የነበረውን ለእሷም ስጧት" የሚባለውን ጥያቄ አትቀበሉ፣ ለእሱ የነበረው ምን ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ማንም አያውቀውም። አዲስ ሰው ሲገባ ሁሉም ያስታውሳል ምክንያቱም አክሰስ ካላገኘ ይጮሃል፣ ሲለቅም ብዙ ጊዜ ክሊራንስ አለ። ችግሩ ያለው ዝውውር ላይ ነው። ከቴለር ወደ ብድር፣ ከብድር ወደ ሪኮንሲሌሽን (ሂሳብ ማስታረቅ) የተዛወረ ሰው የድሮውን ሳይመልስ አዲሱ እየተደረበለት ከጥቂት አመት በኋላ ከአድሚኑ ያልተናነሰ ስልጣን ይዞ ቁጭ ይላል፣ እሱ ራሱም ላያውቀው ይችላል።

ይሄን ለማጥራት ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ከኤች አር የሰራተኞችን ዝርዝር ከነ መደባቸው እና ብራንቻቸው አውጡ፣ ከየሲስተሙ ደሞ የዩዘሮችን ዝርዝር አውጡ፣ በሰራተኛ ቁጥር አገናኟቸው። ሲስተሙ ላይ ኖሮ ኤች አር ላይ የሌለ ሰው የዛኑ ቀን ይዘጋ፣ መደቡ እና ሮሉ የማይገጥም ደሞ ሃላፊው እንዲያብራራ ይላክለት። ዓመት ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ዩዘሩ ሲገባ ሲወጣ ከታየም እዚሁ ይያዛል። ይሄን በየሳምንቱ በራሱ የሚሮጥ ሪፖርት አድርጉት። ፒሲአይ ዲኤስኤስ ቢያንስ በየ6 ወሩ አክሰስ ይከለስ፣ 90 ቀን ያልተነካ ዩዘር ይዘጋ ይላል፣ እሱ ግን ዝቅተኛው ነው፣ ኦዲተር ሊመጣ ሲል ብቻ የሚደረግ ሪቪው እኔ ሪቪው አልለውም።

ፓስወርድ ላይ አጭር ነገር ልበል። በየወሩ ቀይሩ ማለት ሰዉን መጨረሻ ላይ ያለችውን ቁጥር አንድ እየጨመረ እንዲሄድ ነው ያስተማረው፣ የአሜሪካው የስታንዳርድ መስሪያ ቤት ኒስት ራሱ በፈረንጆቹ 2017 ባወጣው መመሪያ እንዲሁ በየጊዜው አስገድዶ ማስቀየርን አይመክርም፣ ተሰርቋል የሚል ምልክት ሲኖር ይቀየር ነው የሚለው። ረጅም ፓስወርድ እና ሁለተኛ ማረጋገጫ ይሻላል፣ በተለይ ለአድሚን እና ከውጭ ለሚገባ ሁሉ።

አንድ ሰው ጀምሮ አይጨርስ

ሜከር ቼከር፣ አንዱ የሰራውን ሌላው አይቶ ያጽድቀው የሚለው አሰራር፣ ባንክ ለሰራ ሰው አዲስ አይደለም። ከባሪንግስ የበለጠ ምሳሌ ግን የለውም፣ በፈረንጆቹ 1762 የተቋቋመ የእንግሊዝ ባንክ በ1995 ወደቀ፣ ሲንጋፖር ላይ የባንኩ ሰራተኛ የነበረው ኒክ ሊሰን የሚነግደውም የንግዱን ሂሳብ የሚያወራርደውን ክፍል የሚመራውም እሱው ነበር፣ ኪሳራውን 88888 የሚል አካውንት ውስጥ ሲደብቅ ቆይቶ 827 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ሁለቱ ስራ በሁለት ሰው እጅ ቢሆን ያን ያህል ርቀት ባልሄደ ነበር።

ብዙ ባንክ ሜከር ቼከርን ክፍያ ላይ ያደርግና ዳታ ለውጥ ላይ ይረሳዋል። ማጭበርበሩ ደሞ ከክፍያው በፊት ነው የሚጀምረው፣ ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ፣ ዶርማንት የሆነ አካውንት ተፈልጎ ይታያል፣ ከዛ ስልክ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ከዛ ሞባይል ባንኪንግ ይከፈትለታል፣ ከዛ ነው ብሩ የሚወጣው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጤነኛ ስራ ይመስላል፣ አራቱን አንድ መስመር ላይ ማየት የሚችለው ኤምአይኤስ ብቻ ነው። ስለዚ ስልክ ቁጥር የተቀየረበት አካውንት በቅርብ ሰዓት ውስጥ አዲስ ስልክ ከተመዘገበበት ወይ ትልቅ ብር ከወጣበት ለብቻው የሚያወጣ ሪፖርት ስሩ፣ ከተቻለ ደሞ ክፍያው እስኪጣራ ይያዝ። ለውጡን ለድሮው ቁጥርም በመልእክት አሳውቁ፣ ለአዲሱ ብቻ ከላካችሁ ያሳወቃችሁት ሌባውን ሊሆን ይችላል።

ሎጉን (ማን መቼ ምን እንደሰራ ሲስተሙ የሚይዘውን መዝገብ) የሚያነብ ሰው ይመደብ

የባንግላዲሽ ማዕከላዊ ባንክ ነገር እዚ ጋ ጥሩ ትምህርት ነው። በፌብሯሪ 2016 ሌቦቹ የባንኩን ሲስተም ሰብረው ባንኮች የክፍያ ትእዛዝ በሚለዋወጡበት በስዊፍት በኩል ኒውዮርክ ፌደራል ሪዘርቭ ካለው አካውንቱ ወደ 951 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ እንዲተላለፍ 35 ትእዛዝ ላኩ። ቀኑ ሀሙስ ማታ ነበር፣ እዛ አርብ እና ቅዳሜ እረፍት ነው። የስዊፍት ማረጋገጫዎችን በራሱ የሚያትም ፕሪንተር ነበራቸው፣ ሌቦቹ እሱንም ከጥቅም ውጪ አድርገውታል፣ ሰራተኞቹ ፕሪንተሩ ተበላሸ ብለው ነው ያሰቡት። 81 ሚሊዮን ዶላር ፊሊፒንስ ገባ፣ ወደ ስሪላንካ የሄደው 20 ሚሊዮን የተያዘው የተቀባዩ ስም ውስጥ የፊደል ስህተት ስለነበረ ነው፣ አብዛኛው ቀሪ ደሞ ኒውዮርክ ላይ ታገደ። ቁጥጥሩ ያው በሌቦቹ እጅ በወደቀው ሲስተም እና በአንድ ፕሪንተር ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ከዚ የሚወሰደው ስራ ግልጽ ነው። ሎጉ ሲስተሙ ራሱ ላይ ብቻ አይቀመጥ፣ ወዲያው ወደ ሌላ ሰርቨር ይላክ፣ እዛ ሰርቨር ላይ የዳታቤዝ አድሚኑ መደምሰስ አይቻለው። የሁሉም ሰርቨር ሰዓት አንድ ይሁን፣ አለበለዚያ የቱ ከየቱ እንደቀደመ ስትከራከሩ ትውላላችሁ። ቢያንስ 12 ወር ይቆይ፣ የቅርቡ 3 ወር ደሞ ወዲያው የሚገኝ ይሁን፣ ይሄም ከፒሲአይ ዲኤስኤስ ነው። የተላከ እና የደረሰ ክፍያን የሚያስታርቅ ሪኮንሲሌሽን በሌላ መስመር ከሚመጣ ስቴትመንት ጋ ይሁን፣ በእረፍት ቀንም ጭምር። ሪፖርት ሳይመጣ ሲቀር ደሞ እሱ ራሱ አለርት (ማስጠንቀቂያ) ይሁን፣ ዝም ያለ ፕሪንተር ከሚጮህ ፕሪንተር በላይ ያሳስባል።

ምን ይታይ ለሚለው፣ ከስራ ሰዓት ውጪ የገባ፣ አንድ ዩዘር በተመሳሳይ ሰዓት ሁለት ብራንች ላይ፣ ምንም ሳይሰራላቸው የብዙ ደንበኛ አካውንት ስክሪን ላይ እየከፈተ ያየ ሰራተኛ፣ አዲስ የተሰጠ አድሚን ስልጣን፣ ከወትሮው የበዛ ኤክስፖርት። የመጨረሻዋን እና ሶስተኛዋን አትናቁ፣ ዳታ ሲሸጥ ብር አይንቀሳቀስም፣ ስለዚ የክፍያ ቁጥጥር በጭራሽ አያየውም። በጥቂቱ ጀምሩ እና ለእያንዳንዱ አለርት የሚያየው ሰው ስም ይኑረው፣ አይቶ ምን እንዳደረገ እዛው ይጻፍ። ባንዴ ሁሉንም አለርት ከከፈታችሁት በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ሰው ወደ አንድ ፎልደር የሚወስድ ሩል ኢሜይሉ ላይ ሰርቶ ይገላገላል፣ አረ ይሄ ያልተደረገበት ቢሮ ካለ ንገሩኝ።

የቀረው

ኤንክሪፕሽን ላይ ብዙ አልልም፣ የተቀመጠውም በኔትወርክ የሚያልፈውም ይሁን፣ ቁልፉ ግን ከዳታው ጋ አንድ ቦታ አይቀመጥ። የቴስት ሲስተም ግን ይታሰብበት፣ አዲስ ሞጁል ሊሞከር ሲባል የእውነተኛ ደንበኞች ዳታ ኮፒ ተደርጎ ይጫናል፣ እዛ ደሞ የቬንደሩም (ሲስተሙን የሸጠው ድርጅት) የዲቨሎፐሩም ሰው ሁሉ ሙሉ አክሰስ አለው፣ ፓስወርዱም አንድ ነው። ከመጫኑ በፊት ስም፣ ስልክ፣ አካውንት ቁጥር በሌላ ይተካ። ቬንደር ከውጭ ሲገባም በተጠየቀ ሰዓት ተከፍቶለት፣ እየተመዘገበ፣ ስራው ሲያልቅ ይዘጋ።

ባካፕ ሶስት ኮፒ፣ በሁለት አይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ፣ ከዛ ላይ አንዱ ከኔትወርኩ የተነጠለ ይሁን፣ ራንሰምዌር (ዳታ ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ሲገባ የሚደርስበትን ባካፕም አብሮ ስለሚቆልፍ። ባካፑ "ተሳክቷል" የሚል አረንጓዴ ምልክት ስላሳየ አትመኑት፣ ባዶ ሰርቨር ላይ መልሳችሁ ጫኑት፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ መዝግቡ፣ ከተጫነ በኋላ የአካውንቶች ድምር ከዛ ቀን ሪፖርት ጋ መግጠሙን እዩ።

አደጋ ሲደርስ ማን ሲስተም ማቋረጥ እንደሚችል ቀድሞ በጽሁፍ ይወሰን፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ዩዘር መጥፎ ነገር እየሰራ ከታየ ተረኛው ማንንም ሳይጠብቅ መዝጋት ይችል እንደሆነ ማለት ነው። ከዘጋ በኋላ ማሽኑን ፎርማት አያድርገው፣ ማስረጃው እዛ ላይ ነው። የሚደወልላቸው ሰዎች ስልክ ቁጥር በወረቀት ታትሞ ተረኛው ጠረጴዛ ላይ ይኑር፣ ሲስተሙ ሲቆም ዝርዝሩ ያለበት ሼርድ ፎልደርም አብሮ ነው የሚቆመው።