ለሦስቱ የሲኤፍኤ ደረጃዎች እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

ሲኤፍኤን፣ ማለትም ባለ ሦስት ደረጃውን የኢንቨስትመንት ተንታኞች ዓለም አቀፍ የሙያ ፈተና፣ ሊፈተን ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከሦስቱ የትኛው ይከብዳል?» ብሎ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለተኛው። ግን ይህ መልስ ብቻውን ብዙም አይጠቅማችሁም፤ ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር የክብደቱ ዓይነትም አብሮ ይለወጣልና። አንደኛውን ያሳለፋችሁ የአጠናን ዘዴ ሁለተኛው ላይ ሊጥላችሁ ይችላል።

1. በማለፊያ መቶኛው አትዘናጉ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 አንደኛ ደረጃን ያለፉት 22 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ የወረርሽኙ ጊዜ ስለነበር ከወትሮው ያነሰ ቁጥር ነው። በሜይ 2024 ደግሞ ሁለተኛውን ደረጃ 59 ከመቶ አልፈውታል። ታዲያ ሁለተኛው ይቀላል ማለት ነው? አይደለም። ለሁለተኛው የሚቀርበው አንደኛውን ያለፈ ብቻ ነው፤ ዕድሉን ሊሞክር የገባው አብዛኛው ሰው ከመንገድ ቀርቷል። አዘጋጁ ተቋም ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚመክረው ጥናት ወደ 300 ሰዓት ገደማ ነው፤ ለሁለተኛው ከዚያ በላይ ብትይዙ አይቆጫችሁም።

2. ለአንደኛው ፍጥነት ተለማመዱ

ጥያቄዎቹ 180 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 135 ደቂቃ በሆኑ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ተከፍለው ይሰጣሉ። ለአንድ ጥያቄ 90 ሰከንድ ይደርሰዋል። አሥር የትምህርት ዘርፎች ይዳሰሳሉ፣ ሁሉም ግን ላይ ላዩን ነው። አንድ ምሳሌ እንይ፦ በየዓመቱ ቋሚ 6 ዶላር የትርፍ ድርሻ የሚከፍል አክሲዮን አለ፤ ባለሀብቱ የሚፈልገው ተመላሽ 8 ከመቶ ነው፤ ዋጋው ስንት ነው? 6ን ለ0.08 ማካፈል ነው፣ 75 ዶላር። ቀመሩን የሚያውቅ በ20 ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ የማያውቅ ግን አንድ ሰዓት ቢሰጠውም አያገኘውም። ስለዚህ ብዙ አጫጭር ጥያቄዎች ሥሩ፣ ሰዓትም ያዙ። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፤ ስህተት ነጥብ አያስቀንስም፣ ባዶ የምትተዉት ጥያቄ አይኑር።

ካልኩሌተራችሁንም ከአሁኑ ልመዱት። የሚፈቀዱት የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቢኤ 2 ፕላስና የኤችፒ 12ሲ ዓይነቶች ናቸው። ቢኤ 2 ፕላስ ከፋብሪካ እንደወጣ 2 + 3 × 4 ብትሉት 20 ይላችኋል፤ በተጫናችሁት ቅደም ተከተል ነው የሚያሰላው። የስሌት ቅንብሩ ሲቀየር ትክክለኛውን 14 ይሰጣል። ይህን ገና በፈተናው ቀን የሚደርስበት ሰው ያሳዝናል።

3. ለሁለተኛው ረጅም ጽሑፍ መበርበር ተለማመዱ

እዚህ ጥያቄዎቹ 88 ብቻ ናቸው። አራት አራት እየሆኑ በ22 ታሪኮች ሥር ይመጣሉ፣ ለአንድ ታሪክ ማንበቡን ጨምሮ 12 ደቂቃ አላችሁ። ያው አክሲዮን እዚህ ሲመጣ መልኩ ሌላ ነው። የትርፍ ድርሻው ለሦስት ዓመት በ12 ከመቶ፣ ከዚያ በኋላ በ4 ከመቶ ያድጋል። የሚፈለገው ተመላሽ አልተነገራችሁም፤ አንዱ አንቀጽ ላይ ከስጋት ነፃ የሆነው ወለድ 3 ከመቶ፣ ሌላው ላይ ቤታው (አክሲዮኑ ከገበያው ጋር ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚለካው ቁጥር) 1.2፣ ግርጌው ሠንጠረዥ ውስጥ ደግሞ የገበያው የስጋት ማካካሻ 5 ከመቶ ተቀምጧል። ሰብስባችሁ ስታሰሉት (3 + 1.2 × 5) የሚፈለገው ተመላሽ 9 ከመቶ ይሆናል። ገና ጀመራችሁ እንጂ አልጨረሳችሁም። የአራተኛውን ዓመት የትርፍ ድርሻ ለ0.05 (ከ9 ከመቶው ተመላሽ የ4 ከመቶው ዕድገት ሲቀነስ) አካፍላችሁ የምታገኙት ዋጋ የሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ዋጋ ነው፤ ወደ ዛሬ የሚመለሰውም በሦስት ዓመት ነው። በአራት ዓመት የመለሰ ተፈታኝ ቁጥሩን ከምርጫዎቹ መካከል ቁጭ ብሎ ሊያገኘው ይችላል። የሚያስከፋውም ይኸው ነው።

ስለዚህ እዚህ ቀመር መሸምደድ ብቻውን አያዋጣም። አንድን ስሌት ከባዶ ወረቀት ተነስታችሁ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ለምን እንደገባ እየተናገራችሁ ሥሩት። የውጭ አገር ቅርንጫፎችን ሂሳብ በዋናው ኩባንያ ገንዘብ መተርጎምንና የጡረታ ሂሳብን ወደ መጨረሻ አትግፉ፤ ብዙዎች ነጥብ የሚጥሉት እነዚህ ላይ ነው። በፈተናው ላይ ቀድማችሁ ጥያቄዎቹን አንብቡ፣ ከዚያ ወደ ታሪኩ ግቡ።

4. ለሦስተኛው መጻፍ ተለማመዱ

ግማሹ ነጥብ ምርጫ ነው፤ ግማሹን ራሳችሁ በኮምፒውተር ትጽፉታላችሁ። ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈታኙ ከፖርትፎሊዮ (የአንድ ባለሀብት ኢንቨስትመንቶች ስብስብ) አስተዳደር፣ ከግል ገበያዎች (በአክሲዮን ገበያ በይፋ የማይሸጡ ኢንቨስትመንቶች) እና ከግል ሀብት አስተዳደር አንዱን ዘርፍ ይመርጣል፤ አብዛኛው ይዘት ግን የጋራ ነው።

ስሌቱ ከሁለተኛው ይቀላል፣ ፍርድ መስጠቱ ግን ይከብዳል። ለምሳሌ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ደንበኛ «ስጋት አልፈራም» ይላል፤ ይሁን እንጂ ኑሮው ሙሉ በሙሉ በዚያ ሀብት ላይ ተንጠልጥሏል። ፈቃደኝነቱ ከፍተኛ፣ አቅሙ ዝቅተኛ ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ዝቅተኛው ይገዛል። «የስጋት መሸከም አቅሙ ከአማካይ በታች ነው፤ ከፖርትፎሊዮው ውጪ ገቢ የለውም» ብላችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር ከጨረሳችሁ ሙሉ ነጥብ ልታገኙ ትችላላችሁ። ሁለት ምክንያት ከተጠየቃችሁ ሁለት ብቻ ስጡ፤ አራሚው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነው የሚያየው፣ ሦስተኛው ጊዜያችሁን ይበላል እንጂ ነጥብ አይጨምርም።

5. ብትወድቁ

አንድን ደረጃ በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ፣ በጠቅላላው ደግሞ ከስድስት ጊዜ በላይ መፈተን አይቻልም። በሁለቱ ሙከራዎች መካከልም ስድስት ወር ገደማ ማለፍ አለበት። ውጤታችሁ ሲመጣ በየዘርፉ ያገኛችሁትን ተመልከቱና ከደካማው ጀምሩ፤ ሥነ ምግባርን ግን ደህና ብታገኙበትም አትዝለሉት፣ በሦስቱም ደረጃዎች አለ።