ራቭ ፎር ፕራይም ወይስ አውትላንደር? ከመግዛታችሁ በፊት እንዲህ አወዳድሯቸው

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ፕላግ ኢን ሃይብሪድ ለቤተሰብ የሚፈልግ ሰው ቶሎ የሚደርሰው ሁለቱ ላይ ነው፤ ቶዮታ ራቭ ፎር ፕራይም እና የሚሰካው ሚትሱቢሺ አውትላንደር (PHEV የሚባለው)። ሁለቱም ሶኬት ላይ ተሰክተው ይሞላሉ፣ ባትሪው ሲያልቅ በቤንዚን ይቀጥላሉ። እዚህ የማወዳድረው ከ2021 እስከ 2024 የወጣውን ፕራይምና የ2023 እና የ2024ን አውትላንደር ነው።

መጀመሪያ መኪናውን ሳይሆን ራሳችሁን እዩ። የአንድ ሳምንት ጉዟችሁን በማይል ጻፉ፤ ሥራ፣ ልጅ ማድረስና ማምጣት፣ ገበያ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ መስጊድ፣ አንዱም አይቅር። ፕራይም በአንድ ሙሌት 42 ማይል፣ አውትላንደር 38 ማይል በኤሌክትሪክ ብቻ ይሄዳል ተብሎ በመንግሥት ተለክቷል። ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) መሃል ዲሲ ደርሶ መልስ 20 ማይል አይሞላም፣ ስለዚህ በሁለቱም ያለ ቤንዚን ትመላለሳላችሁ። ከውድብሪጅ (ቨርጂኒያ) የምትመጡ ከሆነ ግን ደርሶ መልሱ ወደ 50 ማይል ስለሚጠጋ ሁለቱም ቤንዚን ይነካሉ።

ቀጥሎ የት እንደምትሰኩት ወስኑ። ይሄን ነገር ብዙ ሰው መኪናውን ቤት ካመጣ በኋላ ነው የሚያስበው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይሄንኑ ነው። በተራው የቤት ሶኬት ፕራይም ለመሙላት 12 ሰዓት፣ አውትላንደር 16 ሰዓት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ማታ 1 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 12 ሰዓት ለሚወጣ ሰው ያለው 11 ሰዓት ብቻ ነው፤ ፕራይም ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ አውትላንደር ግን ሳይሞላ ነው የሚወጣው። ባለ 240 ቮልት መስመር ካላችሁ ይሄ ችግር የለም። የምትኖሩት አፓርትመንት ከሆነና ፓርኪንጉ ውስጥ መሰኪያ ከሌለ ግን ሁለቱንም ተዉት፣ ሶኬት የማያስፈልገውን ተራውን የራቭ ፎር ሃይብሪድ ግዙ። ለማትሞሉት ባትሪ ገንዘብ አታውጡ።

አሁን ሒሳቡን ሥሩ። 30 ማይል ለመሄድ ፕራይም 11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል፣ አውትላንደር 16 ያህል ይበላሉ። እነዚህን በኤሌክትሪክ ቢላችሁ ላይ ባለው ዋጋ አባዙ። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ግን ባትሪው ሲያልቅ ነው፤ በአንድ ጋሎን ፕራይም 38 ማይል ሲሄድ አውትላንደር 26 ላይ ይቆማል። 300 ማይል መንገድ ከወጣችሁ አንዱ 8 ጋሎን፣ ሌላው 11 ተኩል ጋሎን ገደማ ይጠጣል። ረጅም መንገድ ለሚያበዛ ሰው እኔ ያለ ማመንታት ፕራይም እላለሁ።

ታዲያ አውትላንደር ምን አለው? ሰባት መቀመጫ። ፕራይም አምስት ነው። ሦስት ልጆች ኖሯችሁ አያት ሲጨመሩ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሦስተኛው ረድፍ ግን በጣም ጠባብ ስለሆነ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስቀምጣችሁ እዩ፣ የልጅ መቀመጫችሁንም አስገብታችሁ ሞክሩ።

ስትሞክሩ ባትሪው ባዶ ሆኖ መንዳታችሁን እርግጠኛ ሁኑ። ሻጭ ሁሌም ሞልቶ ነው የሚያቀርበው፤ የሞተሩን ድምፅ የምትሰሙት፣ ዳገት ላይ ያለውን ጉልበት የምታውቁት ባትሪው ሲያልቅ ነው። የቤንዚኑና የኤሌክትሪኩ ጉልበት ሲደመር ፕራይም 302፣ አውትላንደር 248 የፈረስ ጉልበት አላቸው።

መጨረሻ ላይ ወረቀቱ። የቶዮታ የባትሪ ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው፣ የሚትሱቢሺ 10 ዓመት ወይም 100,000። የሚትሱቢሺ የ10 ዓመት የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ስለሆነ፣ ከሰው የምትገዙ ከሆነ ስንት እንደቀረው በጽሑፍ ጠይቁ። ለእንዲህ ዓይነት መኪና ገዢ ይሰጥ የነበረው የፌዴራሉ የታክስ ቅናሽ መስከረም 2025 መጨረሻ ላይ ቀርቷል፣ ስለዚህ ሻጩ እሱን ዋጋ ውስጥ አስገብቶ ካስረዳችሁ አትቀበሉት። ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ኮፈኑን ሳይሆን የኋላውን ክፈቱና የቻርጅ ገመዱ መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ ሻጩ ከዋጋው ላይ ይቀንስላችሁ።