ዲስክ ፍሬን ለአስፋልት ብስክሌት ያዋጣል ወይ? በጅማ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚወሰን

የአስፋልት ብስክሌት ሊገዛ ወይም ያለውን ሊያሻሽል የሚያስብ የጅማ ነዋሪ አንድ ጥያቄ ሳይገጥመው አይቀርም፤ ቸርኬውን ከሁለት ጎን በጎማ የሚይዘው የቆየው ፍሬን ይበቃል ወይስ እንደ ሞተር ሳይክል በዲስክ የሚሠራው ይሻላል? ብዙ ሰው ነገሩን የሚመዝነው የትኛው አጥብቆ ይይዛል በማለት ነው። ይሁንና ደረቅ አስፋልት ላይ ወሳኙ ጎማው መሬቱን የሚይዝበት አቅም ስለሆነ፣ በደንብ የተስተካከለ የቸርኬ ፍሬንም የኋላውን ጎማ ለማንሸራተት፣ የፊቱ በድንገት ከተያዘም ነጂውን በመሪው ላይ ለመገልበጥ የሚበቃ ኃይል አለው። የሁለቱ ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው ዝናብ ሲዘንብ፣ መንገዱ ጭቃ ሲሆንና ቁልቁለቱ ሲረዝም ነው፤ ጅማ ደግሞ ሦስቱም አሏት። ስለዚህ ከገንዘቡ በፊት የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ማየት ይጠቅማል።

1. ብስክሌቱ ዲስክ የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጡ

ብስክሌቱን ገልብጠው በመሪውና በኮርቻው ያቁሙት። በፊት ሹካው ግራ እግር ላይና በኋላ በኩል በግራው የፍሬም ጫፍ ላይ የፍሬን አካል የሚታሰርበት የብሎን ቦታ ከሌለ፣ ዲስክ ፍሬን ለብቻው ገዝቶ መግጠም አይቻልም። ሞዞውም፣ ማለትም ራጂዎቹ የሚታሰሩበት የጎማው መሃል፣ ዲስኩ የሚቀመጥበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ብየዳ ቤት ወስዶ ማስቀጠል የሚታሰብ አይደለም፤ ሹካው ለዚያ ጫና አልተሠራምና በቁልቁለት ላይ ቢሰበር አደጋው ከፍሬን እምቢታ አያንስም። እንግዲህ የቸርኬ ፍሬን ያለው ሰው ወደ ዲስክ ልሻገር ሲል በተግባር ሌላ ብስክሌት ልግዛ ማለቱ ነው፤ ዋጋውንም በዚያ ልክ ማሰብ አለበት።

2. የሚነዱበትን መንገድና ወቅት ይመዝኑ

ጅማ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም በክረምት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በቸርኬ ፍሬን ላይ ውኃ የሚያመጣው ችግር መዘግየት ነው። እጀታው ሲጨመቅ የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ከቸርኬው ላይ ውኃውን መጥረግ አለበት፤ መያዝ የሚጀምረውም ከዚያ በኋላ ነው። የአስፋልት ብስክሌት ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.1 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ውኃው እስኪጠረግ አምስት ዙር ቢፈጅ ብስክሌቱ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከ10 ሜትር በላይ ተጉዟል ማለት ነው። በጅሬን ካለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደ ከተማ ሲወርዱ ባጃጅ ድንገት ዞሮ መንገድ ቢዘጋ፣ እነዚህ 10 ሜትሮች ምን ማለት እንደሆኑ ለነጂ ማስረዳት አያስፈልግም። የዲስክ ፍሬን ዲስክ በሞዞው ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚዞር፣ ቀዳዳዎቹም ውኃና ጭቃ ስለሚያስወጡ፣ በእርጥብም ሆነ በደረቅ መንገድ አያያዙ ብዙም አይለያይም። በእኔ እምነት የዲስክ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ሁለተኛው የጭቃ ጉዳይ ነው። የአካባቢያችን ቀይ አፈር ከአስፋልቱ ዳር ታጥቦ ጎማና ቸርኬ ላይ ይለጠፋል፤ በፍሬኑ ጎማና በቸርኬው መካከል የገባ አሸዋም ፍሬን በተያዘ ቁጥር ብረቱን ይሞርዳል። በዚህ መንገድ የሚያልቀው ቸርኬው ራሱ ነው፤ እሱን መለወጥ ደግሞ ራጂዎቹን ፈትቶ እንደገና መስራት ወይም ሙሉ ጎማ መግዛት ይጠይቃል። በዲስክ ፍሬን የሚያልቁት ዲስኩና ዲስኩን ከሁለት ጎን ጨምቆ የሚይዘው ሸራ ብቻ ናቸው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ እንዳለው የጊቤ ሸለቆ ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ ሲያዝ ቸርኬው ይግላል፤ በተለይ ቸርኬው የካርቦን ከሆነ ሊበላሽ፣ ካላማዳሪያውም ሊፈነዳ ይችላል። ነገር ግን ከሄርማታ ገበያ እስከ ዩኒቨርሲቲው በዝግታ የሚመላለስና ዝናብ ሲመጣ የሚጠለል ሰው ለእነዚህ ሁሉ ጥቅሞች ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም።

ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎችም ሁሉም ዲስክ ነው የሚነዱት የሚል ሙግት ይሰማል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት በአስፋልት ውድድር ዲስክን መሞከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር፤ በ2016 በፓሪስ ሩቤ ውድድር አንድ ተወዳዳሪ ዲስክ እግሬን ቆረጠኝ በማለቱ ሙከራውን አገደና ቆይቶ ቀጠለው፤ በቋሚነት የፈቀደው በ2018 ነው። ከዚያ በኋላም ኢጋን ቤርናል በ2019፣ ታዴይ ፖጋቻር በ2020 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፉት በቸርኬ ፍሬን ነው። ዲስክ በብስክሌቱ ክብደት ላይ ጥቂት መቶ ግራም ስለሚጨምር ዳገት ወጪዎቹ አልቸኮሉም ነበር። ዛሬ ግን ታላላቆቹ ፋብሪካዎች አዲስ የአስፋልት ብስክሌት በአብዛኛው በዲስክ ብቻ ስለሚሠሩ፣ ጥሩ የቸርኬ ፍሬን ብስክሌት የሚገኘው በይበልጥ ከሰው እጅ ነው።

3. ያለውን ፍሬን በሙሉ አቅሙ ሳይፈትኑ አይፍረዱበት

ፍሬናቸው አይዝም ከሚባሉ ብስክሌቶች ብዙዎቹ የደረቀ የፍሬን ጎማና የዛገ ሽቦ ያለባቸው ናቸው። የፍሬኑን ጎማ ፈትተው ፊቱን በብርሃን ይመልከቱ፤ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን የብረት ፍንጣሪዎች ተሰክተውበት ከታዩ በመርፌ ነቅለው ያውጡ፣ ከዚያም ፊቱን በቀጭን የአሸዋ ወረቀት ይሹት። ከዕድሜ ብዛት የደነደነ ከሆነ ይለውጡት። ቀጥሎ ቸርኬውን በጣትዎ ይዳስሱ፤ ፍሬኑ የሚነካው ቦታ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ከተሰማዎት ወይም የቸርኬውን ማለቅ ለማሳየት በፋብሪካ የተሠራበት ምልክት ከጠፋ፣ ቸርኬው ዕድሜውን ጨርሷልና ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሽቦውን ከነሽፋኑ ይቀይሩ። የፍሬኑን ጎማ ሲያስሩ ከፊት ያለው ጫፉ ከኋላው በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ ቢያደርጉ ጩኸቱ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ በዝናብ ቀን ሲሞከር አያያዙ ካረካዎት፣ ዲስክ የመግዛቱ ጉዳይ ለጊዜው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል።

4. ዲስክ ከመረጡ ዓይነቱን በመለዋወጫ አንጻር ይምረጡ

ዲስክ ፍሬን በሽቦ የሚሳብና በዘይት የሚሠራ ተብሎ ይከፈላል። የዘይቱ በአንድ ጣት የሚያዝ፣ ልስልስና ኃይለኛ ነው፤ ሸራው ሲሳሳም ራሱን ያስተካክላል። የሽቦው ጠንከር ብሎ መጨመቅን ይጠይቃል፤ ሸራው እየሳሳ ሲሄድም በእጅ መጠጋት አለበት። ሆኖም ሽቦው ቢበጠስ ለቸርኬ ፍሬን የሚሆነው የአስፋልት ብስክሌት ሽቦ ይሠራለታል፤ ለመቀየርም ከተራ መፍቻ በላይ አያስፈልግም። ዓመቱን ሙሉ ለሚነዳና ልዩ መሣሪያ ለሌለው የጅማ ሰው እኔ የምመክረው የሽቦውን ነው።

የዘይቱን ለሚገዛ ግን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የጃፓኑ ፋብሪካ የሺማኖ ፍሬኖች የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው፤ የመኪናና የሞተር ፍሬን ዘይት ሆኖ በየሱቁ የሚሸጠው ግን ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚባለው ነው። ዶት በማዕድን ዘይት ፍሬን ውስጥ ከገባ የውስጥ ጎማዎቹን ያበላሻቸዋል፤ በተቃራኒውም እንዲሁ። መካኒኩ ምንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ በእጀታው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ዘይት እንዲጨምር አይፍቀዱ።

ያገለገለ ብስክሌት ከሆነ የዲስኩን ውፍረት በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ያስለኩ፤ በርካታ የሺማኖ ዲስኮች ከ1.5 ሚሊ ሜትር በታች ሲሳሱ መለወጥ አለባቸው፤ የሸራው ውፍረት ደግሞ ከ0.5 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። የዘይት ፍሬን ከሆነ እጀታውን ጨምቀው ይያዙ፤ ሳይጠነክር እስከ መሪው ከሄደ መስመሩ ውስጥ አየር አለ ወይም ዘይት እየፈሰሰ ነው። ጎማውን አንሥተው ሲያዞሩት በየዙሩ የሚነካካ ድምፅ ካለም ዲስኩ ተጣሟል።

ብስክሌቱን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ለሚያስመጣ ሰው ይህ ችግር ቅርብ ነው፤ ዲስኩ ላይ ሻንጣ ከተጫነበት ይጣመማል። ስለዚህ ጎማዎቹን ነቅሎ ዲስኮቹን በካርቶን መጠቅለል፣ በሸራዎቹ መካከልም ወፍራም ካርቶን አጥፎ መሰካት ያስፈልጋል፤ በዘይት ፍሬን ላይ ጎማው ወጥቶ ሳለ እጀታው በስህተት ከተጨመቀ ሸራዎቹ ተጣብቀው ዲስኩን አላስገባ ይላሉ።

5. አዲሱን ሸራ ያለማምዱ

አዲስ ሸራ በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ኃይሉ አይዝም። መኪና በማይበዛበት ሜዳ አስፋልት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዱ፣ ጎማውን ሳያንሸራትቱ፣ በእርምጃ ፍጥነት እስኪሄድ ድረስ ፍሬኑን በእኩል ጫና ይያዙና ይልቀቁ፤ ይህን ለፊቱም ለኋላውም ለየብቻ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ይድገሙት። ይህ ሳይደረግ ከጅሬን ቁልቁል መውረድ አይገባም።

ከዚያ በኋላ የዲስክ ዋነኛ ጠላት ዘይት ነው። ሰንሰለቱን ሲቀቡ የሚረጭ ዘይት አይጠቀሙ፤ በጠብታ ይቀቡና ትርፉን በጨርቅ ይጥረጉ፤ ዲስኩንም በጣት አይንኩ። ዲስኩ ከቆሸሸ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ይጸዳል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ግን በአብዛኛው ስለማይመለስ፣ አንድ ጥንድ ትርፍ ሸራ ከብስክሌቱ ጋር አብሮ መግዛት ብልህነት ነው፤ ሲያስፈልግ ጅማ ላይ ፈልጎ ማግኘት ቀናት ሊወስድ ይችላልና።